አሮጌ ሌንስ በአዲስ ሚረርለስ ካሜራ ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሚረርለስ ካሜራ (ውስጡ መስታወት የሌለው ዲጂታል ካሜራ) የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ካሜራው ላይ ይጨርስና የሌንስ መግዣ ያጣል። ያን ጊዜ ዓይኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ወደተቀመጠው የአባቱ ዜኒት የተባለ የሶቪየት ፊልም ካሜራ ወይም ወደ ራሱ የቀድሞ የካኖን ሌንሶች ይዞራል። ከታች ያሉት በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በአያትና በለገጣፎ አካባቢ ፎቶ የሚያነሡ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ለፊልም ካሜራ የተሠራ ሌንስ በአዲስ ካሜራ ላይ እንዴት ሊሠራ ይችላል?

ነገሩን የሚወስነው በሌንሱ መቀመጫና በፊልሙ ወይም በሴንሰሩ (በዲጂታል ካሜራ ምስሉን በሚቀበለው ክፍል) መካከል ያለው ርቀት ነው። በድሮዎቹ ካሜራዎች ውስጥ ብርሃኑን ወደ ዓይን የሚመልስ መስታወት ስለነበረ ሌንሱ ራቅ ብሎ መቀመጥ ነበረበት። ርቀቱ በኒኮን ኤፍ መግጠሚያ 46.5 ሚሊ ሜትር፣ በካኖን ኢ ኤፍ 44 ሚሊ ሜትር፣ ዜኒትና የቀድሞዎቹ ፕራክቲካዎች በሚጠቀሙበት ተጠምዛዥ መግጠሚያ ማለትም በኤም 42 ደግሞ 45.46 ሚሊ ሜትር ነው። መስታወቱ ሲወጣ ርቀቱ አጠረ፤ በሶኒ ኢ 18፣ በኒኮን ዜድ 16፣ በካኖን አር ኤፍ 20፣ በፉጂ ኤክስ 17.7 ሚሊ ሜትር ሆነ። አዳፕተር ይህን ልዩነት የሚሞላ ባዶ ቀለበት ነው። የዜኒት ሌንስ በሶኒ ላይ እንዲሠራ ቀለበቱ 27.46 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ይኖረዋል ማለት ነው። ውስጡ ብርጭቆ ስለሌለ የሌንሱን ጥራት አይነካም።

በተቃራኒው የሚረርለስ ሌንስ በድሮ ካሜራ ላይ አይሆንም። ርቀቱን ለማስተካከል ሌንሱን ወደ ካሜራው ሆድ ማስገባት ይጠይቃልና።

ሌንሱን ስገጥም ካሜራው «ሌንስ የለም» ብሎ አላነሣም አለኝ። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። አዳፕተሩ ከካሜራው ጋር የሚነጋገርበት የኤሌክትሪክ መገናኛ ስለሌለው ካሜራው አፉ ላይ ምንም እንዳልተገጠመ ነው የሚያስበው። ሜኑ ውስጥ «ያለ ሌንስ ማንሣት ይፈቀድ» የሚል ትርጉም ያለው መስመር ይፈልጉና ይክፈቱት። በሶኒ፣ በካኖንም ሆነ በፉጂ አለ፤ የሚቀመጥበት ቦታ ብቻ ይለያያል። ካሜራ ይዘው ለጥገና ከሚሄዱ ጀማሪዎች ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው ይህ አንድ መስመር ነው።

ለየትኛው ሌንስ የትኛውን አዳፕተር ልግዛ?

አዳፕተር ሁለት ስም አለው፤ አንዱ የሌንሱ፣ ሌላው የካሜራው። «የዜኒት አዳፕተር» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው፤ «ከኤም 42 ወደ ሶኒ ኢ» ይበሉ። ሌንስዎ ምን እንደሆነ ካላወቁ ከኋላ ይመልከቱት። ተጠምዝዞ የሚገባና የክቡ ስፋት በማስመሪያ 42 ሚሊ ሜትር የሚሆን ከሆነ ኤም 42 ነው። በትንሹ ዞሮ ጠቅ ብሎ የሚቆለፍ ከሆነ በሌንሱ ላይ የተጻፈውን ስም ይከተሉ። እዚህ ላይ ግን የካኖን ስም ያሳስታል፦ አሮጌው ኤፍ ዲ እና በ1987 የመጣው ኢ ኤፍ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ኤፍ ዲ የአፐርቸር (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) ቀለበት አለው፤ ኢ ኤፍ የለውም፣ በምትኩ ከኋላው ወርቃማ የኤሌክትሪክ ነጥቦች አሉት።

ሲገዙ ሌንሱንም ካሜራውንም ይዘው ይሂዱ። ገጥመው ሌንሱን በእጅዎ ይወዝውዙት፤ የሚነቃነቅ ከሆነ ይመልሱት። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥተው ሩቅ ነገር ላይ ፎከስ ያድርጉ። በአያት በኩል ካሉ የረር ተራራ፣ በቡራዩና በሰበታ በኩል ካሉ ወጨጫ ለዚህ የተሠሩ ይመስላሉ። ተራራው ፈጽሞ ካልጠራ ቀለበቱ ከሚገባው በላይ ረዝሟል፤ ሩቅ ነገር በዚያ አዳፕተር አይነሣም። ፎከሱ የማያልቀው ምልክት (∞) ላይ ከመድረሱ በፊት ተራራው ከጠራ ግን ችግር የለውም። ርካሽ አዳፕተሮች ሆን ተብለው በጥቂቱ ስለሚያጥሩ ይህ የተለመደ ነው።

አባቴ ከሶቪየት ኅብረት ትምህርት ሲመለሱ ያመጡት ዜኒት አለ። ሌንሱ ይረባል?

እጅግ ይረባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሄልዮስ 44 ነው፤ 58 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2 (የአፐርቸሩ ቁጥር ነው፤ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ንድፉ የተወሰደው ከጀርመኑ ሳይስ ቢዮታር ሲሆን ከጀርባው ቅጠል ወይም ጥቃቅን ብርሃን ሲኖር ዳራውን አዙሪት ያስመስለዋል። በእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ፊትን በኤፍ 2 አንሥተው ይመልከቱት። አዙሪቱን የሚወዱም የሚጠሉም አሉ፤ እኔ በሳምንት አንድ ፎቶ ላይ ሲሆን እወደዋለሁ፣ በሁሉም ላይ ሲሆን ያደክመኛል።

44-2 የተባለው ዓይነት ሁለት የአፐርቸር ቀለበቶች አሉት። አንደኛው ቁጥሩን ይወስናል፤ ሁለተኛው ከሙሉ ክፍት እስከዚያ ቁጥር ድረስ ይከፍታል፣ ይዘጋል። የመጀመሪያውን 8 ላይ ካደረጉት፣ በሁለተኛው ከፍተው ፎከስ ያደርጉና ዓይንዎን ሳያነሡ እስኪቆም ዘግተው ያነሣሉ። ለአዳፕተር ከዚህ የተሻለ አሠራር የለም።

ከእርሱ በኋላ ከመጡት ሄልዮሶች ብዙዎቹ ከኋላቸው ትንሽ የብረት ሹል አላቸው፤ አፐርቸሩ የሚዘጋው ያ ሹል ሲጫን ነው። ሹሉን የሚጫን ከንፈር የሌለው አዳፕተር ከገዙ ቀለበቱን ቢያዞሩም ቀዳዳው ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል። ከንፈር ያለውን ይጠይቁ።

ፎከስ እያደረግሁ የሚጠራልኝ ከአሥር አንዱ ነው። ምን ልሥራ?

ከዚህ በላይ የሚያስለቅስ ጥያቄ የለም። አዳፕተር የገጠመ ሰው አውቶፎከስ የለውም፤ ካሜራው ግን ሁለት ነገር ሰጥቶታል። አንዱ ፎከስ ፒኪንግ ነው፤ ጠርቷል ብሎ የሚያስበውን ጠርዝ በቀይ ወይም በቢጫ ያቀልማል። ሁለተኛው ምስሉን አጉልቶ ማየት ነው። ጀማሪዎች የመጀመሪያውን ይወዳሉ፤ ቀለም ስላለው። ነገር ግን ፒኪንግ የሚያየው የብርሃንና የጨለማ ልዩነትን ነው። ስለዚህ የነጠላ ጥለት ወይም የሹሩባ መስመር ገና ሳይጠራ በቀይ ይሞላል፣ ዓይኑ ግን ብዥ እንዳለ ይቀራል። ፊት በቅርብ ሲያነሡ ፒኪንጉን ያጥፉትና ምስሉን ያጉሉ። ማጉያውን በቀላሉ አውራ ጣት የሚደርስበት ቁልፍ ላይ ያስቀምጡት፤ በየጊዜው ሜኑ ውስጥ የሚፈለግ ከሆነ አይጠቀሙበትም።

ለምን እንዲህ መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ቁጥሩ ይናገራል። በሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ (ሴንሰሩ የፊልም ያህል በሆነ) 58 ሚሊ ሜትር በኤፍ 2፣ በ1 ሜትር ርቀት ላይ የሚጠራው ከፊት እስከ ኋላ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የቅርቡ ዓይን ጠርቶ የሩቁ ጆሮ ይጠፋል። እርስዎ ትንፋሽ ሲወስዱ ራስዎ ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት እንኳ ይበቃል። ስለዚህ መጀመሪያ በቀለበቱ ያቅርቡ፤ ከዚያ ቀለበቱን ትተው በወገብዎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጣም በቀስታ እየተንቀሳቀሱ ሲጠራ ይጫኑ። በኤፍ 2.8 ወይም በኤፍ 4 ሲሆን ሥራው በግማሽ ይቀላል፤ አሮጌ ሌንስም በእነዚህ ቁጥሮች ይበልጥ ይጠራል።

የሚንቀሳቀስ ነገር ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። በኮብልስቶን ላይ የሚመጣን ባጃጅ በቀለበት ለማሳደድ መሞከር ከንቱ ድካም ነው። አፐርቸሩን 8 ላይ ያድርጉ፣ ባጃጁ ያልፍበታል ብለው ያሰቡትን የመንገድ ጠርዝ በ5 ሜትር ላይ አስቀድመው ፎከስ ያድርጉና ይጠብቁ። በሙሉ ፍሬም ላይ በ58 ሚሊ ሜትር ከፊትና ከኋላው በድምሩ ወደ 4 ሜትር ገደማ የጠራ ክልል ይኖርዎታል። እግር ኳስ የሚጫወቱ ልጆችም እንዲሁ ናቸው፤ ኳሱ ወደ ክልልዎ እስኪገባ መታገሥ ነው። በሜዳው ላይ የሚታገሥ ግን እምብዛም አይገኝም።

የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያው ከአሮጌ ሌንስ ጋር ይሠራል?

መከላከያው ካሜራው ውስጥ ከሆነ ይሠራል፤ ነገር ግን የሌንሱን ርዝመት፣ ማለትም በላዩ የተጻፈውን ሚሊ ሜትር፣ ራስዎ ሊነግሩት ይገባል። ካሜራው ምን እንደተገጠመለት አያውቅምና። 58 ሚሊ ሜትር ከሆነ 58 ወይም ቅርቡን ቁጥር ያስገቡ። ሌንስ ሲቀይሩ ቁጥሩንም ይቀይሩ፤ ለ135 ሚሊ ሜትር የተሞላ ቁጥር በ28 ሚሊ ሜትር ላይ ሲቆይ ካሜራው ከሚገባው በላይ ያርምና ራሱ ያደበዝዘዋል። የሚሞሉት እውነተኛውን ርዝመት ነው፤ በሴንሰር መጠን አያባዙት።

ነጠላ የለበሰች እናት ሳነሣ ነጠላው ነጭ ብራና ይሆናል፣ ፊቷ ደግሞ ይጨልማል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ሁለቱንም በአንድ ጊዜ በቀትር ፀሐይ ማግኘት ለየትኛውም ካሜራ ከባድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ፣ እንጦጦ ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር ላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ በበጋ ሰማይ ሥር ብርሃኑ ይቆርጣል። የሚረርለስ ጥቅም ከመጫንዎ በፊት የሚወጣውን ማየትዎ ነው። ከመጠን በላይ የበራውን ቦታ በሰረዝ የሚያሳየውን ዜብራ የተባለ ምርጫ ሜኑ ውስጥ ይክፈቱ፤ ነጠላው ላይ ሰረዝ ሲታይ የብርሃን ማስተካከያውን አንድ ደረጃ ገደማ ይቀንሱ። የተቃጠለ ነጭ አይመለስም፣ የጨለመ ፊት ግን በሮው (ጥሬ) ፋይል ላይ በኋላ ሊበራ ይችላል። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው እናትዬዋን ከግድግዳው ጥላ ሥር እንዲቀመጡ መጠየቅ ነው።

አሮጌ ሌንስ ላይ በአፐርቸር ቅድሚያ ሞድ መሥራት ይቀላል፦ ቀዳዳውን እርስዎ ያዞራሉ፣ ካሜራው ፍጥነቱን ይመርጣል። አውቶ አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት ራሱ የሚመርጥበትን) ከከፈቱ ዝቅተኛውን ፍጥነት ራስዎ ይወስኑ። ካሜራው የሌንሱን ርዝመት ካላወቀ 1/60 ሴኮንድ ላይ ሊቆም ይችላል፤ ለ135 ሚሊ ሜትር ይህ በጣም ዘገምተኛ ነው። 1/200 ያድርጉት።

58 ሚሊ ሜትሩ በኔ ካሜራ ላይ ለምን በጣም ጠበበ?

ካሜራዎ ከሙሉ ፍሬም ያነሰ፣ ኤ ፒ ኤስ ሲ የሚባል ሴንሰር ስላለው ነው። በሶኒ፣ በኒኮንና በፉጂ በ1.5፣ በካኖን በ1.6 ይባዛል፤ ስለዚህ 58ቱ እንደ 87 ወይም እንደ 93 ሚሊ ሜትር ያሳያል። ለፊት ምስል መልካም ነው፣ ለጠባብ ሳሎን አይሆንም። ለሳሎን አዳፕተር አያስቡ፤ ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ይበቃል።

የቀድሞው ዲኤስኤልአር (ባለ መስታወት ዲጂታል ካሜራ) ሌንሶቼስ? እነርሱ አውቶፎከስ አላቸው።

የካኖን ባለቤቶች ዕድለኞች ናቸው። ካኖን በ2018 ከአር ካሜራው ጋር ያወጣው አዳፕተር ኢ ኤፍ እና ኢ ኤፍ ኤስ ሌንሶችን በሙሉ አውቶፎከስ ያሠራል፤ በየፎቶ ቤቱ የሚዞረው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ጭምር። ኢ ኤፍ ኤስ በሙሉ ፍሬም ላይ ሲገጠም ካሜራው ምስሉን ራሱ ያሳንሰዋል።

የኒኮን ጉዳይ ይከብዳል። ኤፍ ቲ ዜድ የተባለው አዳፕተር ውስጡ ሞተር የለውም፤ ስለዚህ በካሜራው ሞተር ይሠሩ የነበሩት ዲ ሌንሶች በእጅ ፎከስ የሚደረጉ ይሆናሉ። ሌንሱ የራሱ ሞተር ካለው ይሠራል። ኢ ኤፍ ሌንስን በባዶ ቀለበት በሶኒ ላይ የሚገጥም ሰው ደግሞ አፐርቸሩን መቀየር አይችልም፤ ቁጥሩ በኤሌክትሪክ ስለሚታዘዝ። ለዚያ ኤሌክትሮኒክ አዳፕተር ያስፈልጋል።

በበጋ አቧራው አስቸገረን። ሌንስ ስቀይር ሴንሰሩ ላይ ነጠብጣብ ይወጣል።

በሚረርለስ ሴንሰሩ ከፊት መጋረጃ የሚሆነው መስታወት የለውም። አስፋልት ባልደረሰበት ሰፈር በጥርና በየካቲት ንፋስ ሌንስ በመንገድ ላይ አይቀየርም። ካሜራውን ያጥፉ፣ አፉን ወደ ታች ያዙሩ፣ አዲሱን ሌንስ ክዳኑን ከፍተው በሌላው እጅ ያዘጋጁ። አንዳንድ ካሜራዎች ሲጠፉ ሹተሩን የሚዘጉበት ምርጫ ስላላቸው ካለዎት ይክፈቱት። ሌላው መፍትሔ የበለጠ ይቀላል፦ ለእያንዳንዱ ሌንስ አንድ አዳፕተር አይግዙ፣ ይልቁንም አንድ ሌንስ ገጥመው ይውጡና ቀኑን ሙሉ በእርሱ ይዋሉ። ሰው ሌንሱን የሚያውቀውም እንዲሁ ነው። ሦስት ሌንስ ይዞ የሚወጣ ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው በመቀየር ነው።

ነጠብጣብ መኖሩን ለማወቅ በኤፍ 16 ሰማይ ያንሡ። በጎማ መንፊያ ይንፉት፤ በአፍ አይነፋም፣ ምራቅ ያርፍበታል።

ክረምት ላይ ሌንሴ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር በቀለ።

ሻጋታ ነው። እርጥበት፣ ጨለማና የቆዳ ቦርሳ ሲገናኙ ይመጣል፤ የሱሉልታ ሐምሌ ሦስቱንም ያሟላል። ጀማሪ ሌንስ አይፍታ፤ ጥቂት ከሆነ ፎቶው ላይ አይታይም፣ ብዙ ከሆነ ደግሞ ወደሚያውቅ ባለሙያ ይወሰድ። ሌሎቹን ሌንሶች ግን ከእርሱ ይለዩ። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከጫማ ካርቶን የሚወጣውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጨምረው ያስቀምጡ። ሩዝ አይሁን፤ ዱቄቱ ሌላ ጣጣ ነው። አሮጌ ሌንስ ሲገዙም የስልክ መብራት ከኋላ አብርተው ከፊት ይመልከቱ፤ ድሩም ጭረቱም የሚታየው ያኔ ነው።

ፎቶዎቼ ሁሉ ጭጋግ የለበሱ ይመስላሉ።

የድሮ ሌንሶች ቅብ ከጎን የሚመጣ ፀሐይን መቋቋም አይችልም። የፀሐይ መከለያ ይግዙ፤ ሄልዮስ 44-2 ላይ የሚጠመዘዘው 49 ሚሊ ሜትር ነው። እስኪገዙ ድረስ መዳፍዎን ከሌንሱ በላይ ዘርግተው ያጥሉበት። መከለያ ከተደረገም በኋላ ካልጠፋ የውስጡ ብርጭቆ ቆሽሾ ሊሆን ይችላል።

በአዳራሽ ውስጥ ፎቶው ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ይወጣል።

የኤሌክትሪካችን ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይንቦገቦጋሉ። ኤሌክትሮኒክ ሹተሩን አጥፍተው በሜካኒካሉ፣ በ1/50 ወይም በ1/100 ያንሡ።

መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ባትሪውን እንዴት ላብቃቃው?

ሚረርለስ ስክሪኑና ሴንሰሩ ሁልጊዜ ስለሚሠሩ ባትሪ ይበላል፤ የብዙዎቹ ትንንሽ ሶኒዎች ባትሪ ደግሞ 1,020 ሚሊ አምፔር ሰዓት ብቻ ነው። ሁለተኛ ባትሪ ከሁለተኛ ሌንስ በፊት ይገዛል። ካሜራዎ በዩኤስቢ የሚሞላ ከሆነ ለስልክ የሚያገለግለው ፓወር ባንክ ይበቃዋል።

የት ሄጄ ልለማመድ? ሰው ሳነሣስ?

ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፤ ከወገብ መስመር ቅርብ ስለሆንን በፍጥነት ቀጥ ብላ ትወጣለች። ለስላሳው ብርሃን እስከ 1 ሰዓት ተኩል ድረስ ነው፤ ማታም ከ11 ሰዓት እስከ 12። መስከረም ላይ በሱሉልታ ሜዳ አደይ አበባ ሲወጣ አሮጌ ሌንስ እንደዚያ ያለ ዳራ ሌላ ጊዜ አያገኝም። ከቡራዩ አለፍ ብሎ በአምቦ መንገድ ያለው የገፈርሳ ግድብ የውኃ ወፎች ይበዙበታል፤ 58 ሚሊ ሜትር ግን ወፍን ነጥብ ያደርጋታል፣ ለውኃውና ለጠዋቱ ጉም ይሂዱ። የየካው ዋሻ ሚካኤል ለጥላና ለድንጋይ ጥሩ ነው፤ አገልጋዩን «አባቴ ይፍቱኝ» ብለው፣ አስፈቅደው፣ ያለ ፍላሽ ያንሡ።

በሱሉልታና በሰበታ በኩል «አካም ጅርቱ» ብሎ መጀመር ከማንኛውም ሌንስ በላይ በር ይከፍታል። የፎከስ ቀለበት ሲያዞሩ ጊዜ ስለሚወስድ ሰውዬውን በስርቆት ማንሣት አይችሉም፤ ስለዚህ ይጠይቁ። ወደ ወታደራዊ ካምፕ፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያና ጥበቃ ወደሚደረግለት ሕንፃ ካሜራ አይዙር።

ኮምፒውተር ላይ ስከፍት የሌንሱ ስምም አፐርቸሩም አይታይም።

አይጻፍም። ማስታወስ ከፈለጉ በየቀኑ የመጀመሪያው ፎቶ ላይ የሌንሱን ስም የጻፉበትን ወረቀት ያንሡ።

በዚህ ሌንስ የሠርግ ሥራ ልቀበል?

ለመናፈሻው የጥንዶች ፎቶ አዎ፤ እዚያ ሰዎቹ ይቆሙልዎታል። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ፣ ቀለበት ሲደረግ፣ ሽማግሌዎች ሲመርቁ ግን አውቶፎከስ ያለው ሌንስ ካሜራው ላይ ይኑር። ከሌለዎት ለዚያ ቀን ይከራዩ፤ ኪራዩንም ከመነሻው በዋጋዎ ውስጥ ያስገቡት።